ማስኩ አፍንጫችሁን እየላጠ ላስቸገራችሁ ደንበኞቻችን

ውድ ደንበኞቻችን እንደምን ሰነበታችሁ። ይሄን ደብዳቤ የምንጽፈው ከኛ የሲፓፕ ማሽን፣ ማለትም ሌሊት ትንፋሻችሁ እንዳይቋረጥ በማስክ በኩል አየር የሚነፋውን፣ ለወሰዳችሁ በሙሉ ነው፣ ባህር ዳር ላላችሁም፣ ደብረ ማርቆስ፣ ዳንግላ፣ ቡሬ፣ ሞጣ ላላችሁም። ትንሽ ይረዝማል፣ ቡና እየጠጣችሁ አንብቡት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በቅርቡ ከሞጣ አንድ ጋሼ ማሽናቸውን በካርቶኑ አድርገው ይዘው መጡና ጠረጴዛችን ላይ አስቀመጡት። «በሉ እንካችሁ፣ እኔ ከዚህስ ማንኮራፋቱ ይሻለኛል» አሉ። መነጽራቸውን ሲያወልቁ አፍንጫቸው አጥንት ላይ ሽምብራ የምታክል ቁስል አለች፣ ዙሪያዋ ጠቁሯል። ማስኩን አውጥተን ስናየው ማሰሪያው እስከ መጨረሻው ተስቦ ግራና ቀኙ ሊገናኝ ምንም አልቀረው። 4 ወር ሙሉ እንዲህ አስረው ነው የተኙት። ምነው ቢደውሉልን ስንላቸው «መድኃኒት መቼም ይመራል ብዬ ነዋ!» አሉን።

ወዲያው ትዝ ያለን ማስኩን የሰጠናቸው ቀን ነው። ፕላስቲክ ወንበር ላይ አስቀምጠናቸው፣ ማሽኑ ሳይበራ፣ «ተመቸዎት?» «ደህና ነው» ተባባልንና በ5 ደቂቃ ሸኘናቸው። ተቀምጦ የሚተኛ ሰው የለም እኮ። ጥፋቱ የኛ ነው፣ እሳቸውንም ይቅርታ ጠይቀናል፣ ከናንተም ውስጥ እንደዛ የሸኘናችሁ እንዳላችሁ ስለምናውቅ ነው ይሄ ሁሉ ጽሁፍ።

ገጠር ያደገ ሰው ገጣባ አይጠፋውም። የአህያ ጀርባ የሚገጠበው ጭነቱ ስለከበደ ብቻ አይደለም፣ ክብደቱ አንድ ቦታ ላይ ሲያርፍ ወይ ጭነቱ ላልቶ መንገዱን ሙሉ ሲፈገፍጋት ነው። ማስክም ያው ነው፣ ጠብቆ አጥንት ላይ ይጫናል ወይ ላልቶ ሌሊቱን ሙሉ ይፋተጋል። ቆዳው የተጫነበት ቦታ ደም እንደልቡ አይዘዋወርም፣ ያ ለ7 እና 8 ሰዓት በየቀኑ ሲሆን ቆዳው ይሞታል፣ አፍንጫ አጥንት ላይ ደግሞ ከቆዳው ስር ስጋ የሚባል ነገር ስለሌለ መጀመሪያ የሚቆስለው እዛ ነው።

አሁን ዋናውን ነገር ስሙኝ። አየሩን የሚይዝላችሁ ማሰሪያው አይደለም። ፊታችሁ ላይ የሚያርፈውን ሲሊኮን በጣታችሁ ገለጥ አርጋችሁ እዩት፣ በብዙዎቹ ማስኮች ላይ ድርብ ነው፣ ከስር ወፍራሙ፣ ፊት የሚነካው ደግሞ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ስስ የሆነው። አየር ሲገባ ስሱ ይነፋና ፊታችሁ ላይ ለጠፍ ይላል። ማሰሪያውን ስታጠብቁት ያ ስስ ሲሊኮን ይጨማደዳል፣ በተጨማደደበት በኩል አየር ያመልጣል፣ ሰውየው ላልቶ ነው ብሎ ጨምሮ ይስበዋል፣ የበለጠ ይጨማደዳል፣ እንዲህ እንዲህ እያለ የሞጣው ጋሼ ጋ ይደረሳል።

ደግሞ ግፊቱ እናንተ እንደምታስቡት ትልቅ አይደለም። ማሽኖቹ ባብዛኛው ከ4 እስከ 20 ነው የሚሰሩት፣ ሐኪም 10 ብሎ ካዘዘላችሁ 10 ሴንቲሜትር ከፍታ ያለው ውሃ ከስሩ የሚገፋውን ያህል ማለት ነው፣ አንድ ብርጭቆ ውሃ በሉት። ይሄንኑ 10 የደም ግፊት ስትለኩ 120 በ80 ምናምን በምትባሉበት መለኪያ ብንለካው 7 ገደማ ነው የሚሆነው። ይቺን ለመያዝ ጭንቅላት እንደ ጤፍ ጆንያ መታሰር የለበትም።

እንግዲህ ዛሬ ማታ እንዲህ ሞክሩ። ማሰሪያዎቹን በሙሉ አላሉና አልጋችሁ ላይ ሁልጊዜ በምትተኙበት ትራስ፣ ሁልጊዜ በምትተኙበት ጎን ተኙ። ጋደም ስትሉ የጉንጫችሁ ስጋ ወደ ጎን ይሄዳል፣ አገጫችሁ ወደ ኋላ ይላል፣ ቀን መስታወት ፊት የለካችሁት ፊት አይደለም። ማሽኑን አብሩት፣ በዝቅተኛ ጀምሮ ቀስ እያለ የሚጨምረውን አይነት ከሆነ ሙሉ ግፊቱ ላይ እስኪደርስ ጠብቁ፣ ምክንያቱም በ4 ያላፈሰ ማስክ በ12 ሊያፈስ ይችላል። ከዛ ማስኩን በእጃችሁ ያዙና ከፊታችሁ ትንሽ ሳብ አርጋችሁ መልሳችሁ ቀስ ብላችሁ አሳርፉት፣ ያኔ ሲሊኮኑ ፉፍ ብሎ ሲነፋ ይሰማችኋል፣ ይቺን ፉፍታ ሳትሰሙ ማሰሪያ እንዳትነኩ። ከዛ ግራና ቀኙን እኩል፣ በአንድ ጊዜ ትንሽ ትንሽ፣ አየሩ ማምለጡን እስኪያቆም ብቻ ሳቡ። ሲያቆም እናንተም አቁሙ። ከማሰሪያው ስር ሁለት ጣት ያለ ትግል መግባት አለበት። ከዛ ወደ ሌላው ጎን ገልበጥ በሉና እንደገና ስሙት።

አየሩ ወደ አይናችሁ የሚመጣባችሁ ሰዎች ነገር ትንሽ ለየት ይላል። ሁሉም ሰው የግንባሩን ማሰሪያ ነው የሚያጠብቀው፣ እኛም ድሮ እንደዛ ነበር የምንመክረው። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ ታች ነው፣ የታችኛው ላልቶ ማስኩ ወደ ላይ ተንሸራቷል፣ ወይ ደግሞ ከነጭራሹ ቁጥሩ ትልቅ ነው። ሰው ትልቅ ማስክ የሚመቸው ይመስለዋል፣ እንደ ጫማ ሰፋ ይበል ይላል። ትልቅ ማስክ አፍንጫ ላይ ከፍ ብሎ አይን ጥግ ይደርሳል፣ እዛ ደግሞ ፊት ጎድጓዳ ስለሆነ መቼም አይገጥምም። በተቃራኒው አፍንጫችሁ ሰፋ ያለ ከሆነና ጠባብ ከሰጠናችሁ የአፍንጫ ክንፉን ነው የሚልጠው። ቁጥሩ የሚለካው በወረቀት መለኪያ ነው፣ በአይን ግምት አይደለም፣ ያልለካናችሁ ካላችሁ ኑና እንለካችሁ።

በነገራችን ላይ እኛ ተቸገርን እንላለን እንጂ የመጀመሪያዎቹ ይበልጥ ተቸግረዋል። ሲፓፕን የፈጠሩት አውስትራሊያዊው ሐኪም ኮሊን ሱሊቫን ናቸው፣ ስራቸው የታተመው እኤአ በ1981 ነው፣ በዛ ዘመን አየር የሚነፋው ሞተር ከምንጣፍ መጥረጊያ ማሽን የመጣ ነበር፣ ማስኩን ደግሞ ማታ ማታ በሲሊኮን ማጣበቂያ አፍንጫ ላይ ይለጥፉት ነበር! ጠዋት ደግሞ መላቀቅ። አሁን ያለው ማስክ ስንት ደረጃ አልፎ እንደመጣ አስቡት።

ጢም ያላችሁ ደንበኞቻችን፣ በተለይ አባቶች። አፍና አፍንጫ የሚሸፍነው ትልቁ ማስክ ጢም ላይ አይለጠፍም፣ በየጸጉሩ መሃል አየር ያመልጣል። አንድ የቅኔ መምህር «ጢሜን ተላጭ ከምትለኝ ማሽንህን ውሰድ» ብለውኝ እኔም ደንግጬ ዝም አልኩ። መላጨት አላስፈለገም፣ አፍንጫ ቀዳዳ ላይ ብቻ የምታርፈውን ትንሿን አይነት ሰጠናቸው፣ እሷ አፍንጫ አጥንትም ጢምም አትነካም፣ አሁን ተመችቷቸዋል። እሷም ግን ለሁሉም አትሆንም፣ አፉን ከፍቶ ለሚተኛ ሰው አየሩ በአፍ ይወጣል፣ ግፊቱ ከፍ ያለ ሰው ደግሞ አፍንጫ ቀዳዳው ሊቆስልበት ይችላል።

እህቶቻችን ደግሞ ሹሩባ ስትሰሩ ማሰሪያው እንደ አዲስ መስተካከል አለበት፣ የጭንቅላታችሁ ውፍረት ተቀይሯል እኮ። ቅቤ የተቀባችሁ ሰሞን ሻሽ አስራችሁ ከላዩ ማሰሪያውን አርጉ፣ አለበለዚያ ያዳልጥና ማስኩ ሌሊት አገጭ ላይ ይገኛል።

ፊት ላይ ስለሚቀባው ነገር ጠንከር ብለን እንናገራለን። ማታ ቫዝሊን አትቀቡ፣ ቅቤም፣ የፊት ቅባትም። ብዙዎቻችሁ ቆዳው እንዳይላጥ ብላችሁ ነው የምትቀቡት፣ ሀሳቡ መልካም ነበር፣ ግን ቅባቱ ሲሊኮኑን ያበላሸዋል፣ ማስኩንም ያንሸራትተዋል፣ ሲንሸራተት ታጠብቁታላችሁ፣ ቀሪውን ታውቁታላችሁ። ከማሽኑ ጋር ኦክስጅን ለምትጠቀሙ ደግሞ ቫዝሊን የእሳት አደጋም አለው። ማታ ፊታችሁን በውሃና በለስላሳ ሳሙና ታጠቡና አድርቁ፣ ቅባቱን ጠዋት ተቀቡ። ማስኩንም በየቀኑ ለብ ባለ ውሃና በለስላሳ ሳሙና እጠቡና ጥላ ላይ አድርቁት፣ በረኪና፣ አልኮል፣ ኦሞ አይነካውም። የማስኩን ቅርጽ ተከትሎ የሚያሳክክ ሽፍታ ከወጣባችሁ መጀመሪያ በደንብ ያልተለቀለቀ ሳሙና ጠርጥሩ።

ሌላ በደንብ ልብ የምትሉት ነገር፣ የመመሪያው መጽሐፍ ላይ «ቆዳው ቀላ ካለ» ይላል። የኛ ቆዳ ሁሌ ቀልቶ አይታይም፣ ይጠቁራል ወይ ወይነጠጅ ይሆናል። ስለዚህ በአይን ብቻ ሳይሆን በጣት ፈትሹ፣ ጠዋት ማስኩን ስታወልቁ አፍንጫ አጥንቱን ስትነኩት ከዙሪያው ሞቅ ካለ፣ ጠንከር ወይ ረገብ ካለ፣ ካመመ፣ ምልክቱም ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ካልጠፋ ቁስሉ ጀምሯል ማለት ነው። መደወል ያለባችሁ ያኔ ነው፣ በ4ኛው ወር አይደለም።

ተልጦ ከሆነ ደግሞ ያው ማስክ ያው ቦታ ላይ አይረፍ። ማስክ በማቀያየር ቁስሉን ማሳረፍ ይቻላል፣ ለዚህ ሲባል ሌላ አይነት እናውሳችኋለን። ፋርማሲ ሃይድሮኮሎይድ የሚባል ስስ ፕላስተር ካለ ገና ያልተከፈተው ቦታ ላይ ማድረግ ይቻላል። አንዲት እትዬ ደግሞ ከአሮጌ ነጠላ በማስኩ ቅርጽ ቆርጠው በሲሊኮኑና በፊታቸው መሃል ያደርጋሉ፣ ላብ ይመጥላቸዋል፣ ትንሽ አየር ቢያመልጥም ጤናቸው ነው። ድርብ አታርጉት እንጂ፣ ጋቢ አይደለም። የጥርስ ሳሙና፣ ቅጠል ምናምን አታድርጉበት። መግል ካለው ወይ ካበጠ፣ ስኳር ካለባችሁም ትንሽም ብትሆን፣ ሐኪም ይያት። ማሽኑን ግን ሐኪማችሁ ሳያውቅ ወደ ካርቶኑ አትመልሱት፣ ትንፋሹ ሌሊት መቋረጡ አልቀረም እኮ።

እንጅባራና ደብረ ማርቆስ ላላችሁ ብርዱ የራሱ ጣጣ አለው። የሞቀው እርጥብ አየር በቀዝቃዛ ቱቦ ሲያልፍ ውሃ ይሆንና ማስኩ ውስጥ ይንጠባጠባል፣ እርጥብ ቆዳ ደግሞ ቶሎ ነው የሚላጠው። ቱቦውን ብርድልብስ ውስጥ አስገቡት ወይ ጨርቅ ጠቅልሉበት፣ ካልሆነም ማሽኑ ላይ ያለውን የእርጥበት ቁጥር በአንድ ዝቅ አርጉ።

ማስኩ ፊት ለፊት ያሉትን ትንንሽ ቀዳዳዎች አያፏጭ ብላችሁ በፕላስተር የደፈናችሁ ሰዎች ዛሬውኑ ክፈቱት፣ የተነፈሳችሁት የተቃጠለ አየር የሚወጣው በነሱ ነው። መብራት ሲጠፋም ማስኩን አውልቁ። ማሰሪያው በማግኔት የሚገጥም ማስክ ያላችሁ ደግሞ እናንተም ሆነ አጠገባችሁ የሚተኛው ሰው ልብ ላይ የተገጠመ ማሽን ወይ ጭንቅላት ውስጥ ብረት ካለ ንገሩን፣ በሌላ እንቀይርላችኋለን።

እኛ ጋ የተቀየረው ይሄ ነው፣ ፕላስቲክ ወንበሩ ወጥቶ ከኋላ ክፍል አልጋ ገብቷል። ከአሁን በኋላ ማንም ደንበኛ ማሽኑ በርቶ፣ ተኝቶ፣ በሁለቱም ጎን ተገላብጦ ሳይሞክር ማስክ ይዞ አይወጣም። የድሮ ደንበኞቻችንም ቁጥሩ ካልሆናችሁ በነጻ እንቀይራለን። የሞጣው ጋሼ አንድ ቁጥር ዝቅ ያለ ከአፍንጫ ስር የሚያርፍ አይነት ወስደዋል፣ ቁስላቸው ደርቋል፣ ጥቁረቱ ግን ገና አልለቀቀም።

ቅዳሜ ለገበያ ባህር ዳር የምትመጡ ጎራ በሉ። ማስኩን ከነማሰሪያው፣ ማሽኑን፣ ከቻላችሁ ትራሳችሁንም ያዙ፣ ፊታችሁን ደግሞ ያን ቀን ቅባት አታስነኩት። መምጣት የማትችሉ ማስኩን አርጋችሁ፣ ተኝታችሁ፣ ልጆቻችሁ ከጎንና ከፊት ፎቶ አንስተው በቴሌግራም ይላኩልን፣ ቆማችሁ የተነሳችሁትን አንፈልገውም።

አክባሪዎቻችሁ
ከባህር ዳር ሱቃችን