ቮልሱን ከመግፈፍህ በፊት

ይድረስ ለወንድሜ ለደረጀ፣

እንደምን ከርመሃል? ለዝምታው ሰበብ አልደረድርም፤ ጥፋቱ የኔ ነው። ፒያሳ ብትመጣ መንገዱ ሳይጠፋብህ አይቀርም፣ ስንቱ ፈርሶ ስንቱ ተሠርቷል መሰለህ። ቮልሱን ገፍፈህ ብረቱ ፊት ለፊት የሚታይ ቀላል መኪና ልታደርገው ነው ሲሉኝ ብዕር አነሳሁ።

ሐሳቡ ደግ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስለሆነች ሞተርህ በሳሳው አየር ምክንያት ከአምስት እጅ አንዱን ጉልበት አጥቶ ነው የሚነሳው፤ ጉልበት ከመግዛት ኪሎ መቀነስ ይረክሳል። ዲኤክስን ግን እንዳታስብ፤ የሱ ቦዲ ራሱ ሻንሲው ነው።

የቮልስ ወለል ከቦዲው ስለሚላቀቅ ሰው ሁሉ ቦዲውን እንደ ልብስ ያየዋል። አይደለም። ከበሩ ሥር በግራና በቀኝ የሚያልፉት፣ ሙቅ አየር የሚሄድባቸው ሳጥን መሳይ ላሜራዎች ወለሉ እንዳይጠማዘዝ የያዙት እነሱ ናቸው፣ አብረው የሚነሱትም ከቦዲው ጋር ነው። ያንን ሥራ ለሌላ ብረት ሳትሰጥ ከነዳኸው አንዱን ጎማ ጉድጓድ ውስጥ ስትከት ወለሉ ይጣመማል።

ቡሎኖቹ አብዛኞቹ በ13 ቁልፍ ይፈታሉ። ከዋዜማው ዘይት አጠጣቸው። የሚረሱት የ17ቶቹ ናቸው፤ ከፊት አክስል በላይና ከኋላ አሞርዛተሩ ከሚታሰርበት አጠገብ ፈልጋቸው። ቦዲው እምቢ ካለህ በክሪክ አታስገድደው፣ የቀረ ቡሎን አለ ማለት ነው። የመሪውን ዘንግ፣ ከግራው የፊት ጎማ የሚመጣውን የፍጥነት መለኪያ ገመድ፣ የቤንዚኑንና የፍሬን ዘይቱን ቱቦ አስቀድመህ ፍታ። የፍሬን ዘይቱን ዕቃ መልሰህ ስትሰቅል ከፍሬን ፓምፑ ከፍ ይበል፤ ዘይቱ የሚወርደው በራሱ ክብደት ነው።

ቦዲው ሳይነሳ ወለሉን ከፊት ግራ ወደ ኋላ ቀኝ፣ ከዚያም ከፊት ቀኝ ወደ ኋላ ግራ በሜትር ለካና ጻፈው። ብየዳው ሲያልቅ ሁለቱ ልክ ካልገጠሙ መኪናው ዕድሜውን ሙሉ ወደ አንድ ጎን ይጎትታል። መጀመሪያ ሁሉንም ነጥብ ነጥብ አድርገህ ያዝ፣ ከዚያ ግራና ቀኝ እያፈራረቅህ ጨርስ። ባትሪውን ሳትነቅል ብየዳ እንዳትጀምር።

ምናለሽ ተራ የምታገኘው አራት ማዕዘን ቱቦላሬ በበሩ ሥር ላለው ቦታ ይበቃል፣ ወፍራሙን ምረጥ። ከራስህ በላይ ለሚያልፈው፣ መኪናው ቢገለበጥ ለሚጠብቅህ ቅስት ግን አይሆንም፤ የውሃ ቧንቧማ ጨርሶ! ዓለም አቀፉ የመኪና ስፖርት ፌዴሬሽን ለዋናው ቅስት ከሚቀበላቸው አንዱ ስፌት የሌለው 45 ሚሊሜትር ቱቦ ነው፣ የግድግዳው ውፍረት 2.5። እግሩ ወለሉን እንዳይበሳ ከሥሩ 3 ሚሊሜትር ውፍረትና 120 ካሬ ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ብረት አስተኛለት።

ብዙዎች የሚወድቁት ከኋላው ላይ ነው። ክብደት ሲነሳለት ጀርባው ከፍ ይላል፣ ጎማዎቹም ከታች ጠበው ከላይ ይከፈታሉ። አክስሉ በየጎኑ አንድ መገጣጠሚያ ብቻ ያለው የድሮው ዓይነት ከሆነ ኩርባ ላይ የውጭው ጎማ ከሥሩ ታጥፎ መኪናውን ሊገለብጠው ይችላል። መድኃኒቱ በቶርሽን ባሩ፣ ማለትም እየተጠማዘዘ እንደ ሞላ በሚያገለግለው ዘንግ፣ ጥርሶች ነው፤ የውስጡ 40፣ የውጩ 44። ውስጡን አንድ ጥርስ ወደ አንድ ወገን፣ ውጩን አንድ ወደ ሌላው ስታዞር ልዩነቱ 50 ደቂቃ ገደማ፣ ማለትም ከአንድ ዲግሪ ያነሰ ነው። በዚህ ቀስ እያልክ ዝቅ አድርገው። ዘንጉን የሚይዘው ጠፍጣፋ ብረት ከማረፊያው ሲላቀቅ እግር ይሰብራል፤ ሰንሰለት እሰርበት፣ ፊት ለፊቱም አትቁም።

ሞተሩ ተገልጦ ይታይ ብለህ የዙሪያውን ላሜራ እንዳታወልቅ። ማራገቢያው አየሩን በሲሊንደሮቹ መሐል የሚነዳው በነሱ ነው። በተለይ 3ኛው ሲሊንደር በድሮዎቹ ሞተሮች የዘይት ማቀዝቀዣው አየር ስለሚከልለው ድሮም ይግላል፣ ቀድሞ የሚቃጠለውም እሱ ነው።

የሻንሲው ቁጥር ከኋላ መቀመጫው ሥር፣ በወለሉ መሐል ለመሐል በሚያልፈው ዋሻ መሳይ ጉብታ ላይ ተመትቷል። ግራይንደር አታስጠጋው። ሊብሬው የሚያውቀው ቮልስ እንጂ የቱቦ ጎጆ ስላልሆነ ሳታስፈቅድ ከቆረጥክ የቦሎው ነገር አለቀለት።

እስከዚያው የባትሪውን ማስቀመጫ ወለል በመዶሻ እጀታ መታ መታ አድርገህ ድምፁን ንገረኝ። ዝገት መጀመሪያ የሚበላው እሱን ነው፤ ከበሰበሰ ሶማሌ ተራ ሌላ ወለል ሳልፈልግልህ ምንም እንዳትቆርጥ።

ወንድምህ