ተሽጧል ካልክ ለምን ታስይዛለህ?

ልጄ ናሆም፣

እንደምን ሰነበትክ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የእናትህ ጉልበት ብቻ ብርዱ ሲመጣ አመሉን ጀምሯል።

እህትህ ሁሉንም ነግራኛለች። እንዳትቆጣት፣ ጨንቋት ነው። ለመጽሐፍ ብለህ የተበደርካት ገንዘብ የስፖርት ውርርድ ውስጥ እንደገባ አሁን ተረዳሁ። በአሜሪካ ፉትቦል ሊግ፣ በኤንኤፍኤል፣ አስይዘህ በተበላህ ቁጥር ደግሞ "ኤንኤፍኤል ድሮም ድራማ ነው፣ ዳኞቹ ለቺፍስ ቡድን ተሽጠዋል" ትላለህ አሉ።

እሺ፣ ተሽጧል እንበል። ታዲያ ለምን ታስይዛለህ?

ጥርጣሬው ከመሬት አልተነሳም፣ እሱን አልክድህም። በ1946 ጃይንትስ የሚባለው ቡድን ከቤርስ ቡድን ጋር ለሊጉ ዋንጫ ሊጫወት ሲል አንድ ቁማርተኛ ለሁለት የጃይንትስ ተጫዋቾች ጉቦ ማቅረቡ ተሰማ። ሜርል ሄፕስ ከጨዋታው ታገደ። ፍራንክ ፊልቾክ "እኔን ማንም አልጠየቀኝም" ብሎ ገባ። የወረወራቸው ስድስት ኳሶች በተጋጣሚ ተጠለፉበት፣ ቤርስም 24 ለ 14 አሸነፉ። በኋላ ፍርድ ቤት ሲቀርብ መጠየቁን አመነ። ብሩን ተቀበሉ ያለ ግን የለም፤ ሁለቱም የተቀጡት ዝም በማለታቸው ነው። በቅርቡም ካልቪን ሪድሊ የሚባል የኤንኤፍኤል ተጫዋች በራሱ ቡድን ጨዋታ ላይ በስልኩ አስይዞ የ2022ን ሲዝን በሙሉ ታግዷል። 1,500 ዶላር ነው ያስያዝኩት አለ። የቀረበት ደሞዝ ከ11 ሚሊዮን በላይ ነው።

አንተ የምትምልበት የ2023ቱ ሱፐር ቦውል፣ የሊጉ የፍጻሜ ጨዋታ፣ ግን ሌላ ነው። ቺፍስና ኢግልስ 35 እኩል ሆነው፣ ጨዋታው ሊያልቅ ሁለት ደቂቃ እንኳ ሳይቀረው ዳኛው ኢግልስ ጥፋት ሠርተዋል ብሎ ቢጫዋን ጨርቅ ሲወረውር ሶፋዬ ላይ ቆመህ "ሌባ!" ያልከው ትዝ ይለኛል። ጥፋቱን የሠራው የኢግልሱ ተከላካይ ብራድበሪ ራሱ ከጨዋታው በኋላ "ማሊያውን ጎትቼዋለሁ" ብሎ ተናገረ። ጥፋተኛው ያመነውን አንተ እስካሁን አላመንክም።

አስያዡ ቤት እኮ ዳኛ መግዛት አያስፈልገውም። 100 ለማግኘት 110 ታስይዛለህ። መቶ ጊዜ አስይዘህ 52ቱን ብታገኝ እንኳ ከስረሃል፤ ካላመንክ አስላው፣ ሒሳብ ትችላለህ። ፓርሌይ የምትሉት፣ ብዙ ውርርድ አንድ ላይ አስሮ ሁሉም ካልተሳካ የሚበላችሁ፣ ደግሞ ይህንኑ መቆረጥ እርስ በርሱ የሚደራርብ ነገር ነው። እና አታስይዝ።

አጎትህ ተስፋዬን አንተ ያወቅከው ከታመመ በኋላ ነው። ሰፈር ውስጥ ካርታ በሚጫወትበት ጊዜ፣ በተበላ ቁጥር "ካርታው ምልክት አለበት" ይል ነበር። አንድ ሌሊት አንዷን ካርታ ኪሱ ከትቶ መጣ። አልጋው ላይ ቆሞ አምፖሉ ስር ሲያገላብጣት ቆየና ቀሰቀሰኝ። እውነቱን ነበር፤ ጥጓ ላይ በጥፍር የተጫረች ጭረት አለች። "አየህ? አላልኩህም?" አለኝ። ደስታው! ያሸነፈ ነበር የሚመስለው። በማግስቱ ማታ ተመልሶ እዚያው ቤት ገባ። የአባባን ሬዲዮ የሸጠውም በዚያው ሳምንት ነው። ሌቦች መሆናቸውን በዓይኑ አይቶ ምን እንደመለሰው እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። ልጠይቀው እያልኩ ሞት ቀደመኝ።

ሌላም የሚያስፈራኝ ነገር አለ። አንተ የዩኒቨርሲቲው ቡድን ውስጥ ፋሻ የምትጠቀልል ልጅ ነህ። ማን እንዳነከሰ ከጋዜጠኛ በፊት ታውቃለህ። የአሜሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግ፣ የኤንቢኤ፣ ተጫዋች የነበረውን ጆንቴይ ፖርተርን አይተሃል፤ የቁማር ዕዳ ነበረበት፣ ቁማርተኞቹ ዕዳህን አቃልል ብለው ከጨዋታ በጊዜ እንዲወጣ አደረጉት፣ በ2024 ዕድሜ ልኩን ታገደ። ጨዋታ የሚሸጠው ሰው ዕዳ ሲገባ ነው። አንተም ዕዳ ጀምረሃል። ስለተጎዳ ተጫዋች ማንም ቢጠይቅህ፣ ጓደኛህም ቢሆን፣ አትመልስ። አታስይዝም።

አሁን የምልህን ዛሬውኑ አድርግ። አፑን ከስልክህ ማጥፋት ብቻ አይበቃም፣ አካውንቱን ዝጋ። ሜሪላንድ ራሱን በፈቃዱ ከውርርድ ለሚያግድ ሰው መዝገብ አላት፤ ተመዝገብና ማረጋገጫውን ላክልኝ። ጎበዝ ልጅ ነህ፣ የእናትህ ዓይን ነህ፣ ግን በዚህ ጉዳይ ቃል ብቻ አልቀበልም። የእህትህን ገንዘብ በየወሩ ቀስ እያልክ መልስ። በአንዴ እከፍላለሁ ብለህ ደግሞ እንዳታስይዝ!

የመኪናውን የኋላ ጎማዎች በረዶ ሳይመጣ አስቀይር። ጋራዡ ጋ ስትደርስ ደውልልኝ፣ ሂሳቡን በካርዴ እከፍላለሁ። በእጅህ ገንዘብ ለጊዜው አልልክም።

አባትህ