ለግብር የሚቀርበው የከሰል ሂሳብ ለአካባቢ ጥበቃም ይቅረብ

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በሲሚንቶ ፋብሪካ ላብራቶሪ ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ በኬሚስትነት አገልግዬ ጡረታ የወጣሁ አንባቢያችሁ ነኝ። ስለ አየር ንብረት ለውጥ የምታወጧቸውን ጽሑፎች እከታተላለሁ፤ አብዛኞቹ ስለ ችግኝ፣ ስለ ድርቅና ከውጭ ይመጣል ስለሚባለው ገንዘብ የሚያወሱ ናቸው። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ከጭስ ማውጫ ሥር በመሆኑ፣ ሲነሳ ስለማልሰማው አንድ ጉዳይ ልጽፍላችሁ ወደድኩ። ጉዳዩም ትላልቅ ፋብሪካዎች በየዓመቱ ወደ አየር የሚለቁትን የካርቦን መጠን፣ ለሚገኙበት ክልል ወይም ከተማ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በጽሑፍ የማሳወቅ ግዴታ ሊጣልባቸው ይገባል የሚል ነው።

አስቀድሜ ያየሁትን ልናገር። በሠራሁበት ፋብሪካ የአካባቢ ጥበቃ ተቆጣጣሪዎች በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ ይመጡ ነበር። ስለ አቧራው ይጠይቃሉ፣ አቧራውን የሚያጣራው ባግ ፊልተር መሥራት አለመሥራቱን ያያሉ፣ የፍሳሹን ጉድጓድ ዞረው ይመለከታሉ፣ ከዚያም ቅጹ ተሞልቶ እንፈራረምና ይሄዳሉ። ቅጹ ላይ ስለ ከሰል የሚጠይቅ አንድም መስመር አልነበረም። ከቢሮዬ መስኮት ፊት ለፊት ግን ሚዛን ቤቱ ነበር፤ እያንዳንዱ የከሰል መኪና ከነጭነቱ ይመዘናል፣ አራግፎ ሲወጣም ባዶውን ይመዘናል፣ ከዚያም የሚዛን ወረቀት በሦስት ቅጂ ይቆረጥለታል፤ አንዱ ለሾፌሩ፣ አንዱ ለመጋዘን፣ አንዱ ለሂሳብ ክፍል። እኛም ከየመኪናው ናሙና ወስደን እርጥበቱን፣ አመዱንና የሙቀት ኃይሉን እንመዘግባለን፤ ከሰሉ ከውሉ በታች ሆኖ ከተገኘ ከአቅራቢው ክፍያ ስለሚቀነስ ይህ መዝገብ እንደ ቼክ ደብተር የሚጠበቅ ነበር። ገንዘብ ያለበት ነገር ስለሆነ አንድ ኩንታል እንኳ ሳይመዘገብ አያልፍም።

በዚህ ምክንያት ካርቦንን መለካት ውድ መሣሪያና የውጭ ባለሙያ ይጠይቃል ሲባል ስሰማ ይገርመኛል። የሲሚንቶ ካርቦን የሚወጣው ከሁለት ነገር ነው፤ አንደኛው የሚነደው ነዳጅ ሲሆን ሁለተኛውና የሚበልጠው ድንጋዩ ራሱ ነው። የኖራ ድንጋይ ኪልን በሚባለው ትልቅ ምድጃ ውስጥ በከፍተኛ ሙቀት ሲጠበስ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ከድንጋዩ ተለይቶ በጭስ ማውጫው ይወጣል። የአየር ንብረት ለውጥ የመንግሥታት ፓነል አገሮች ለሂሳባቸው መነሻ እንዲያደርጉት ባስቀመጠው ቁጥር መሠረት፣ ከአንድ ቶን ክሊንከር (ከኪልኑ ተጠብሶ የሚወጣውና ተፈጭቶ ሲሚንቶ የሚሆነው ነገር) ጀርባ ከድንጋዩ ብቻ 520 ኪሎ ግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ አለ። እንግዲህ በዓመት 1 ሚሊዮን ቶን ክሊንከር የሚያመርት ፋብሪካ፣ አንድ ኪሎ ከሰል እንዳቃጠለ ገና ሳይቆጠርበት 520 ሺህ ቶን ለቋል ማለት ነው። የከሰሉ በዚህ ላይ ይደመራል። ኤሌክትሪካችን በአብዛኛው ከውኃ የሚመነጭ በመሆኑ ሌሎች አገሮች የሚቸገሩበት የመብራት ካርቦን ለእኛ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። የቀረው ሥራ የክሊንከሩን ምርት በአንድ ቁጥር፣ የከሰሉን የሙቀት ኃይል በሌላ ቁጥር አባዝቶ መደመር ነው፤ አንድ ጀማሪ የላብራቶሪ ሠራተኛ ከምሳ በፊት ይጨርሰዋል።

ሕጉስ ምን ይላል? የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 በካይ ለሚለው ቃል የሰጠው ትርጉም ሰፊ ነው፤ ፈሳሽና ጠጣር ብቻ ሳይሆን ጋዝንም ይጨምራል። ተቆጣጣሪው ያለ ቅድሚያ ማስታወቂያና ያለ ፍርድ ቤት ትዕዛዝ ወደ ፋብሪካ መግባት እንዲችልም ሥልጣን ሰጥቶታል። ለኔ ከሁሉ የሚበልጠው ግን ክልሎች ከፌዴራሉ የጠበቀ ደረጃ ማውጣት እንደሚችሉ፣ ከዚያ የላላ ግን ማውጣት እንደማይችሉ የሚደነግገው ክፍል ነው። የኢንዱስትሪ ብክለትን ለመከላከል የወጣው ደንብ ቁጥር 159/2001 ደግሞ ፋብሪካዎች የራሳቸው የክትትል ሥርዓት እንዲኖራቸውና ስለሚያመነጩት በካይ ነገር መዝገብ እንዲይዙ ያዛል። ስለዚህ አንድ ክልል ወይም የድሬዳዋና የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደሮች የካርቦን ማሳወቂያ መመሪያ ለማውጣት አዲስ አዋጅ እስኪታወጅ የሚጠብቁበት ምክንያት አይታየኝም። መነሻው አለ፤ የጎደለው ከሰልና ክሊንከር የሚሉ ሁለት መስመሮች ያሉበት ቅጽ ነው።

ጉዳዩ በአካባቢ ደረጃ ይያዝ የምልበት ሌላም ምክንያት አለኝ። የፌዴራሉ መሥሪያ ቤት በ1987 ዓ.ም. ባለሥልጣን ሆኖ ተቋቋመ፣ በ2005 ዓ.ም. ሚኒስቴር ሆነ፣ በ2011 ዓ.ም. ኮሚሽን ሆነ፣ በ2014 ዓ.ም. ተመልሶ ባለሥልጣን ሆነ፤ የአየር ንብረቱ ዕቅድም ወደ ፕላንና ልማት ሚኒስቴር ሄደ። ስምና ማኅተም በተለወጠ ቁጥር ፋይል ከክፍል ወደ ክፍል ይጋዛል፤ መንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል። ፋብሪካው ግን ከተተከለበት አይነቃነቅም፤ መዝገቡም እዚያው አጠገቡ ባለ መሥሪያ ቤት ቢቀመጥ ይሻላል።

ኢትዮጵያ በዓለም ደረጃ የምትለቀው ኢምንት ነው፣ ከዚያውም የሚበዛው ከከብቶችና ከደን ጭፍጨፋ እንጂ ከፋብሪካ አይደለም የሚል መከራከሪያ እንደሚነሳ አውቃለሁ። እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ይፋ የሆነው ለአየር ንብረት ለውጥ የማይበገር አረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂም ይህንኑ ይላል፤ በ2010 ከነበረው 150 ሚሊዮን ቶን ያህል የአገሪቱ ልቀት ውስጥ የኢንዱስትሪው ድርሻ 4 ሚሊዮን ቶን ገደማ ብቻ ነበር። ነገር ግን ያው ሰነድ ነገሮች በነበሩበት ቢቀጥሉ የኢንዱስትሪው ልቀት በ2030 ወደ 70 ሚሊዮን ቶን እንደሚጠጋ ገምቷል። ስትራቴጂው ከተጻፈ ወዲህ ደርባ፣ ሙገር ላይ የተተከለው ዳንጎቴ፣ በቅርቡም የለሚ ፋብሪካ ሥራ ጀምረዋል። አገራችን እ.ኤ.አ. በ2021 ባሻሻለችው ቃል ኪዳን በ2030 ሊደርስ ከሚችለው ልቀት 68.8 በመቶውን እንደምትቀንስ አስታውቃለች፤ ከዚህም አብዛኛው በውጭ ድጋፍ ላይ የተመሠረተ ነው። ድጋፍ ሰጪው ቀነስኩ ያልከውን አሳየኝ ሲል፣ ከየፋብሪካው የተፈረመ ወረቀት ማቅረብና ከጠቅላላ ምርት ላይ የተገመተ ቁጥር ማቅረብ አንድ አይደለም። በ2020 ዓ.ም. ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ጉባኤ እዚሁ አዲስ አበባ ይካሄዳል።

ከተማ እንዲህ ያለ ነገር ማድረግ እንደሚችል ቶኪዮ አሳይታለች። የቶኪዮ አስተዳደር እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ ብዙ ኃይል የሚፈጁ ሕንፃዎችና ፋብሪካዎች ልቀታቸውን እንዲያሳውቁ አደረገ፤ አስገዳጅ የልቀት ጣሪያ ያስቀመጠው ግን ከዓመታት በኋላ፣ በ2010 ነው። ጣሪያው ሲመጣ ቁጥሩ በእጁ ነበር። ሪፖርቱም በገለልተኛ አካል ይረጋገጣል፣ ለሕዝብም ይፋ ይሆናል። የእኛን አቅም ከቶኪዮ ጋር እያወዳደርኩ አይደለም፤ ቅደም ተከተሉን ግን ልብ ማለት ይገባል። እኔም ዛሬ ቅጣትም ጣሪያም አልጠየቅሁም።

የፋብሪካ ሥራ አስኪያጆች የምርት መጠን የንግድ ምስጢር ነው ማለታቸው አይቀርም። ለገቢዎች ያስታወቁትን፣ ለባንክ ብድር ሲጠይቁ ያቀረቡትን ቁጥር ለአካባቢ ጥበቃ ሲሆን ምስጢር የሚያደርገው ምንድን ነው? እንዲያውም ከማሳወቁ የሚጠቀም ፋብሪካ አለ። ቤት የሠራ ሰው ሁሉ ኦፒሲና ፒፒሲ የሚባሉትን የሲሚንቶ ዓይነቶች ያውቃል፤ ፒፒሲው እንደ ዓይነቱ እስከ ሲሶው ድረስ እንደ ፑሚስ ያለ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ይደባለቅበታል፣ ይህም ድንጋይ በስምጥ ሸለቆ እንደ ልብ የሚገኝ ነው። ፑሚስ ኪልን ውስጥ አይገባም፤ በገባው ልክ ክሊንከር ይቀንሳል፣ ካርቦኑም አብሮ ይቀንሳል። ፑሚሱን በጥንቃቄ እየመረጠ ጥራቱን ጠብቆ የሚያመርት ፋብሪካ ዛሬ ይህን የሚመሰክርለት ወረቀት የለውም። የአውሮፓ ኅብረት ሲሚንቶ፣ ብረትና አልሙኒየም በሚያስገቡ ነጋዴዎች ላይ የካርቦን ክፍያ ጀምሯል፤ እኛ ወደዚያ የምንልከው ቡናና አበባ በመሆኑ ለጊዜው አይነካንም፣ ነገ ብረት እንላክ ብንል ግን መጀመሪያ የምንጠየቀው ይህንኑ ወረቀት ነው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ፣ እውነቱን ለመናገር፣ አዲሱ ቅጽ ሌላ የፊርማ ጠረጴዛ፣ ሌላ «ነገ ተመለስ» እንዳይሆን ነው። መፍትሔው ቁጥሩ በባለሙያው መሳቢያ ውስጥ እንዳይቀር ማድረግ ይመስለኛል። ፋብሪካው የዓመቱን ክሊንከር፣ ያቃጠለውን ነዳጅ በየዓይነቱና ስሌቱን በአንድ ገጽ አስፍሮ ሥራ አስኪያጁ ይፈርምበት፤ መሥሪያ ቤቱ ከሚዛን ወረቀቶቹ ጋር ያመሳክረው፤ ከዚያም በበጀት ዓመቱ መጨረሻ በማስታወቂያ ሰሌዳና በድረ ገጽ ይለጠፍ። ሁሉም ሊያየው የሚችል ቁጥር ላይ መደራደር አይመችም። አዋጅ 300 ማንኛውም ሰው፣ የግል ጥቅሙ ተነካ አልተነካ ሳይባል፣ ለመሥሪያ ቤቱ አቤቱታ እንዲያቀርብ፣ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካላገኘ ደግሞ ፍርድ ቤት እንዲሄድ ፈቅዷል። በፋብሪካው አጥር ሥር የሚኖረው ገበሬ ግን የሚያመለክትበት ቁጥር በእጁ የለም። ትንንሽ ወፍጮ ቤቶች፣ ዳቦ ቤቶችና የብረታ ብረት ሥራ ቤቶች በዚህ ግዴታ ውስጥ እንዲገቡ አልመክርም፤ መነሻው ከፍ ብሎ በጥቂት ትላልቅ ምድጃዎች ይጀመር።

በዚህ ረገድ ረቂቅ መመሪያ ለማዘጋጀት የሚነሳ የክልል ወይም የከተማ መሥሪያ ቤት ካለ፣ የአንድ ገጹን ቅጽ ናሙና ከነስሌቱ ሠርቼ ያለ ክፍያ ለማስረከብ ዝግጁ መሆኔን በዝግጅት ክፍላችሁ በኩል አሳውቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረተኛ የሲሚንቶ ኬሚስት
ከደብረ ብርሃን