ገመድ መሰካት ብቻ አይበቃም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ባለፈው ሳምንት የሙዚቃ ዓምዳችሁ ላይ ስለ አዳዲሶቹ የሚዲ ኮንትሮለሮች የወጣውን ጽሑፍ አነበብኩት። ሚዲ የኤሌክትሮኒክ የሙዚቃ ዕቃዎች እርስ በርስ የሚነጋገሩበት ቋንቋ ነው፤ ኮንትሮለሩ ትእዛዙን ይልካል፣ ድምፁን የሚያወጣው ሲንተሳይዘሩ ነው። እያንዳንዱ ጣት የራሱን ድምፅ ለብቻው የሚስብባቸው፣ ለብቻው የሚያጎላባቸው ኪቦርዶች ማለቴ ነው። ጽሑፉ ደስ ይላል። አንዷ ዓረፍተ ነገር ግን አላስቀመጠችኝም። የሚዲ ቀዳዳ ያለው ሲንተሳይዘር ሁሉ ይቀበላቸዋል ትላለች። ገመዱንማ ይቀበላል። ጨዋታውን መቀበሉ ሌላ ጉዳይ ነው።

የፒያኖ አስተማሪ ነኝ፤ ይሄንን ያወቅኩት በራሴ ደርሶ ነው። ኮንትሮለሩን ከቆየው ሲንተሳይዘሬ ጋር ያገናኘሁ ዕለት ዶ፣ ሚ፣ ሶል ያዝኩ። ከዚያ ሶል ላይ ያለችውን ትንሿን ጣቴን ወደ ቀኝ ሳብ አደረግኳት። ሶል ብቻ ከፍ ይላል ብዬ ስጠብቅ ሦስቱም ተያይዘው ሄዱ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄ ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። ሚዲ እ.ኤ.አ. በ1983 ሲወጣ 16 ቻናሎች ነበሩት፤ ቻናል መልእክቱ የሚሄድበት መስመር ነው በሉት። ፒች ቤንድ፣ ማለትም ድምፅን ወደ ላይና ወደ ታች የሚስበው መልእክት፣ ደግሞ የሚላከው ለቻናሉ እንጂ ለኖታው አይደለም። ለግራ እጅ አንድ የድምፅ መሳቢያ ጎማ ብቻ ለነበረው ኪቦርድ ይበቃ ነበር። (ያማሃ ሲ.ኤስ. 80 የተባለው ሲንተሳይዘር ግን ገና እ.ኤ.አ. በ1977 የእያንዳንዱን ቁልፍ ግፊት ለይቶ ያውቅ ነበር። ሐሳቡ አዲስ አይደለም።) እ.ኤ.አ. በ2018 የሚዲ ደንብ ሆኖ የጸደቀው ኤም.ፒ.ኢ. (MPE) ለእያንዳንዱ ኖታ የራሱን ቻናል ይሰጠዋል። አንዱ ቻናል ለጋራ መልእክት ይቀራል፣ 15ቱ ለጣቶች ይሆናሉ። የእኔ ሲንተሳይዘር ይሄን ደንብ ሰምቶት አያውቅም። ከየትኛውም ቻናል የመጣውን ሁሉ አንድ ላይ ይውጠዋል።

ደግነቱ በአንድ ጊዜ ብዙ ዓይነት ድምፅ በተለያየ ቻናል ማጫወት ይችላል። ስለዚህ ያንኑ ድምፅ አራት ቦታ ገልብጬ ከ2 እስከ 5 ያሉትን ቻናሎች አከፋፈልኳቸው። ኮንትሮለሩንም ከአራቱ እንዳይወጣ አሰርኩት። አራት ጣት ብቻ ቀረኝ፤ ለእኔ ይበቃኛል።

ተገላገልኩ ስል ሌላ መጣ። ጣቴን ከዶ እስከ ላይኛው ዶ አንሸራትቼ የሰማሁት የሰሚቶን ግማሽ ብቻ ነው። ሰሚቶን በፒያኖ ላይ ከአንዱ ቁልፍ እስከ ቀጣዩ፣ ጥቁሩም ተቆጥሮ፣ ያለው ርቀት ነው፤ ከዶ እስከ ላይኛው ዶ 12 ነው። ዕቃው ተበላሽቷል ብዬ ደመደምኩ። ልመልሰው ካርቶኑ ውስጥ ከትቼ፣ ፕላስተር ሁሉ ለጥፌበት ነበር። ጥፋቱ የቁጥር ነው። ኮንትሮለሩ የፒች ቤንድ ስፋቱ 48 ሰሚቶን ነው ብሎ ይልካል፣ ሲንተሳይዘሩ 2 ነው ብሎ ይቀበላል። የላኩት 12 ሰሚቶን ሲደርስ ግማሽ ይሆናል። የእኔው ሲንተሳይዘር ከ12 በላይ ስለማይሄድ ሁለቱንም 12 ላይ አደረግኳቸው። አለቀ። ሁለት ሳምንት የፈጀብኝ ነገር በሁለት ደቂቃ ተስተካከለ።

የዩ.ኤስ.ቢ. ገመዱንም ነገር ላንሳው። ሁለቱን በቀጥታ በዩ.ኤስ.ቢ. ብታገናኟቸው ብዙ ጊዜ ዝም ነው የሚሉት። ሁለቱም እንግዳ ናቸው፣ አስተናጋጅ የለም። መሃል ላይ ኮምፒውተር ወይም ለዚሁ የተሠራ ሳጥን ይፈልጋሉ። ባለ አምስት እግሩ የድሮው የሚዲ ገመድ ይሠራል፣ ግን ጠባብ ነው። በሰከንድ 31,250 ቢት ነው የሚያሳልፈው። ይሄ ወደ አንድ ሺህ የፒች ቤንድ መልእክት ይሆናል። አምስት ጣት ሲሳብ፣ ሲጫንና ሲንሸራተት ያ ሁሉ በአንዴ ይጎርፋልና ገመዱ ይጨናነቃል፤ ድምፁም እየዘገየ ይመጣል። የእኔው ኮንትሮለር ላይ የሚላከውን የሚያሳንስ ማስተካከያ አለ፤ እሱን ስነካው ቀለል አለ።

ይሄን ሁሉ የማወራው ሰው እንዲሸሸው አይደለም። አሁን የጣቴን ግፊት ከፊልተሩ፣ ድምፁን ከሚያደበዝዘውና ከሚያፈካው የሲንተሳይዘሩ ክፍል፣ ጋር አያይዤዋለሁ። ሦስት ኖታ ለስለስ አድርጌ እይዝና የመሃሏን ጣት ብቻ ቀስ እያልኩ እጫናለሁ። ሚ ከሁለቱ መሃል ብቻዋን ትፈካለች፤ ዶና ሶል ንቅንቅ አይሉም። ለቀቅ ሳደርጋት ተመልሳ ትደበቃለች። በፒያኖ አንዴ የመታሁት ኖታ እየደከመ ከመሄድ በቀር ምንም ላደርገው አልችልም ነበር። መጀመሪያ የሰማሁት ማታ ተማሪ እየጠበቀኝ ረስቼው ነበር፤ ይቅር ይበለኝ።

ስለዚህ ማረሚያ ብታወጡ ደስ ይለኛል። ገዢው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ሲንተሳይዘሩ ኤም.ፒ.ኢ. ያውቃል ወይ፣ ካላወቀስ ድምፁን በቻናል መከፋፈል ይችላል ወይ፣ ስንት ኖታ አንድ ላይ ያጫውታል ብሎ ይጠይቅ። ቦታ ከጠበባችሁ ያችን 48 ቁጥር ብቻ ጥቀሱልኝ። ደህና ዕቃ ካርቶን ውስጥ መልሶ እየከተተ ያለ ሰው አይጠፋም።

አንባቢያችሁ፣ የፒያኖ አስተማሪው