ከቪንዶላንዳ ስመለስ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፤

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሦስት ዓመት የጠፋሁበትን ምክንያት ልደረድርልህ ጀምሬ ሰረዝኩት፤ እኔኑ አላሳመነኝም።

ባለፈው ቅዳሜ በሰሜን እንግሊዝ ወደሚገኘው ቪንዶላንዳ ሄጄ ነበር። ንጉሠ ነገሥት ሐድሪያን በእነርሱ አቆጣጠር በ122 በስሙ የሚጠራውን የድንበር ግንብ ማሠራት ሳይጀምር የተቆረቆረ የሮማውያን የድንበር ጦር ሰፈር ነው። ድንጋዩስ ብዙም አልገረመኝም፤ ፋሲል ግቢ ሲሯሯጥ ላደገ ሰው የግድግዳ ፍራሽ ምን ያስደንቀዋል! የገረመኝ ጭቃው ነው። አንዱ ጦር ለቅቆ ሲሄድ ተተኪው አሮጌውን አፍርሶ፣ በሸክላ አፈር ደልድሎ ከላዩ አዲስ ይሠራ ነበር። ከሥር የተቀበረው አየር አጥቶ ሳይበሰብስ ቆየ። ከ5,000 በላይ ጫማ ወጥቷል። አንዲት የሕፃን ጫማ በመስታወት ውስጥ አየሁ፤ ከመዳፌ ታንሳለች።

በእነርሱ አቆጣጠር ከ1973 ጀምሮ ደግሞ በቀለም የተጻፈባቸው ስስ የእንጨት ገጾች ተገኝተዋል። አንዱ ወታደር ባልደረቦቹ ቢራ ስላለቀባቸው እንዲላክላቸው ይጠይቃል። ክላውዲያ ሴቬራ የምትባል የአዛዥ ሚስት ጓደኛዋን ለልደቷ ትጠራለች፤ ቀኑ ሴፕቴምበር 11፣ ዛሬ ቢሆን የእኛ እንቁጣጣሽ! ደብዳቤውን ጸሐፊ ጽፎላት ሲያበቃ ግርጌው ላይ በራሷ እጅ «እጠብቅሻለሁ እህቴ» ብላ ጨምራበታለች። ፊደሏ እንደ ጸሐፊው አያምርም። አንተ ባሕር ዳር ስትማር እናትህ እየነገሩኝ እጽፍልህ አልነበር? ስጨርስ ብዕሩን ተቀብለው ግርጌው ላይ መስቀል ይስሉበት ነበር። እዚያው መስታወቱ ፊት ቆሜ ያቺ የተንጋደደች መስቀል ትዝ አለችኝ።

ሶሌምኒስ የሚባለው ግን በእኔ ላይ የተነሣ ይመስላል። ወንድሜ ለሚለው ለፓሪስ፣ ደህና ነኝ፣ አንተም ደህና እንደሆንክ ተስፋ አደርጋለሁ ብሎ ይጀምርና ትንፋሽ ሳይወስድ፣ አንተ ግዴለሽ፣ አንድ ደብዳቤ እንኳ አልላክህልኝም ይለዋል። እኛ ብንሆን «አንተ ጨካኝ» ነበር የምንለው። በባቡር ስመለስ ወረቀት አወጣሁ።

በሌላው ገጽ ደግሞ አንድ ሰው ካልሲ፣ ሁለት ጥንድ ነጠላ ጫማና ሁለት የውስጥ ሱሪ መላኩን ይናገራል። ስለዚህ የልጅህ እግር ስንት ቁጥር እንደደረሰ ጻፍልኝ፤ በወረቀት ላይ አስቁመህ ዙሪያውን ብታሰምርበት ደግሞ የተሻለ ነው። እናትህን ጉልበታቸውን ሳምልኝ።

የጠፋው ወንድምህ