በሰው ወንበር ላይ ልትቀመጪ ስትዪ

ሀዋሳ፣ ኅዳር 12 ቀን

ውድ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ማክሰኞ ማታ በስልክ ለጠየቅሽኝ ጥያቄ መልስ ሳልሰጥሽ የቀረሁት ነገሩን አቅልዬው ሳይሆን፣ በዚያች ሰዓት የምሰጥሽ መልስ ከቁጣ እንደማያልፍ ስላወቅሁት ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ አብረሻቸው የተጫወትሽው ባንድ የመጀመሪያ ሥራውን ሊቀርጽ ስቱዲዮ በገባ ዕለት አቀናባሪው አንቺን ከድራሙ አስነሥቶ ሌላ ሰው አስቀመጠ፤ ወር እንኳ ሳይሞላ ደግሞ ሌላ አቀናባሪ ደውሎ፣ አንቺው ራስሽ በማታውቂው ልጅ ቦታ ገብተሽ ሦስት ዘፈን እንድትመቺለት ጠየቀሽ። «እኔ የተደረገብኝን በሰው ላይ እንዴት አደርጋለሁ?» አልሽኝ።

ይህ ነገር ባንቺ አልተጀመረም። በፈረንጆቹ መስከረም 1962 ቢትልሶች የመጀመሪያ ነጠላ ዘፈናቸውን ለንደን ውስጥ ሲቀርጹ፣ አዲስ የገባው ድራመራቸው ሪንጎ ስታር አንድ ጊዜ ከመታ በኋላ የስቱዲዮው ሰዎች አልረኩም። በሳምንቱ፣ ወሩ በገባ በ11ኛው ቀን፣ አንዲ ዋይት የተባለ ስኮትላንዳዊ የስቱዲዮ ድራመር አስመጡና ለሪንጎ ታምቡሪን የሚባለውን ትንሽ የእጅ ከበሮ አስያዙት። እንግሊዝ አገር መጀመሪያ የወጣው ሸክላ ላይ ያለው ግን የሪንጎ ምት ሲሆን፣ የዋይት ምት ያለበት ቅጂ የወጣው ኋላ በአልበሙ ላይ ነው። ሪንጎ ከዚያ በኋላ የሆነውን ዓለም ያውቀዋል። እኔን ሁልጊዜ የሚያሳስበኝ ዋይት ነው፤ የሰዓቱን ሒሳብ ተቀብሎ ሄደ፣ ዘፈኑ ከዚያ በኋላ ካስገባው ገንዘብ ምንም አልደረሰውም፣ በስተርጅናው አሜሪካ ውስጥ ከበሮ ያስተምር ነበር። አንቺ በአንድ ወር ውስጥ ሁለቱንም ሆነሻል።

የስቱዲዮ ድራመርነት ምን ዓይነት እንጀራ እንደሆነ ለማወቅ ከፈለግሽ የሃል ብሌንን ሥራ አዳምጪ። በፈረንጆቹ 1960ዎቹ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ከጠዋት እስከ ሌሊት ከአንዱ ስቱዲዮ ወደ ሌላው እየሮጠ፣ ዛሬ ለሲናትራ ነገ ለቢች ቦይስ ይመታ ነበር። ከ1966 እስከ 1971 ስድስት ዓመት በተከታታይ የግራሚን የዓመቱን ምርጥ ቀረጻ ሽልማት ባገኙት ሥራዎች ሁሉ ላይ ድራሙን የመታው እርሱ ነው። ሸክላውን የገዛው ሕዝብ ግን ስሙን አያውቅም፤ ያን ጊዜ የአጃቢዎችን ስም ሽፋን ላይ መጻፍ ልማድ አልነበረማ። በ1963 ሮኔትስ ለሚባሉት ሴት ድምፃውያን የመታትን የዘፈን መግቢያ አስታውሺ፤ ያስተማርኩሽ ገና ጉልበትሽ ስናሩ፣ ማለት በዱላ የሚመታው ትንሹ ከበሮ፣ ላይ ሳይደርስ ነው። በእግር የሚመታው ትልቁ ከበሮ፣ ቤዝ ድራሙ፣ ሦስት ጊዜ ይመታና ስናሩ አራተኛው ላይ ብቻ ያርፋል። ብሌን ራሱ ሲናገር ስናሩን ሁለተኛውም ላይ ሊመታ አስቦ ስለሳተው፣ ስሕተቱን እየደጋገመ የዘፈኑ መልክ አደረገው። እኔ ይህን ወሬ ሙሉ በሙሉ አላምነውም፤ ድራመር ሲያረጅ ማጋነን ይወዳል፣ እናትሽ ምስክር ናት። ለሳይመንና ጋርፈንክል በመታው አንድ ዘፈን ደግሞ ስናሩን ከስቱዲዮው አውጥተው ኮሪደር ላይ፣ ከሊፍቱ አጠገብ አስቀምጠው እንደቀረጹት ይታወቃል። ያ ነጎድጓድ የሚመስለው ድምፅ የመጣው ከጉልበቱ አይደለም፤ ከኮሪደሩ ነው። ከመድረክ ለመጣ ሰው ይህን መቀበል ይከብደዋል። መድረክ ላይ ራስሽን ታሰሚያለሽ፤ ስቱዲዮ ውስጥ ግን ማይክሮፎኑ የሚሰማውን መስማት አለብሽ።

ከእርሱ በፊት ኧርል ፓልመር ነበር። በፈረንጆቹ 1950ዎቹ አጋማሽ ኒው ኦርሊንስ ውስጥ ዘፋኙንና ፒያኖ ተጫዋቹን ሊትል ሪቻርድን ሲያጅብ፣ እንደለመደው እያወዛወዘ መምታቱን ትቶ እኩል እኩል መምታት የጀመረው፣ የሪቻርድ ቀኝ እጅ ፒያኖው ላይ እንደዚያ ስለሚደበድብ እርሱን ለመከተል ብሎ ነው። ሮክ የምንለው ምት ግማሹ ከዚያ የመጣ ነው ብል አላጋነንኩም። ሁለቱ ድራመሮች በፈረንጆቹ 2000 በአንድ ቀን የሮክ ኤንድ ሮል የክብር መዝገብ ውስጥ ሲገቡ ፓልመር ሰባ ዓመት አልፎት ነበር።

የራሴን ነገር አንድም ቀን በሙሉ አልነገርኩሽም። በ1978 ዓ.ም. ከቀበሌው ኪነት ወጥቼ እዚሁ ሀዋሳ ሆቴል ስመታ፣ አንድ ድምፃዊ አዲስ አበባ ወስዶ ካሴት አስቀረጸኝ። ሁላችንም አንድ ክፍል ውስጥ ሆነን በአንድ ጊዜ ስለምንቀረጽ፣ አንዱ ከተሳሳተ ዘፈኑ ከመጀመሪያው ይደገማል። በሁለት ቀን አሥር ዘፈን ጨረስን፤ የመጓጓዣና የአልጋ ተከፈለኝ፣ ቀሪውን «ካሴቱ ሲወጣ» ተባልኩ። ካሴቱ ወጣ፤ ሻሸመኔ መናኸሪያ የአውቶቡስ ሾፌር ከፍቶት ምቴን ሰማሁት፤ ካሴቱን ገዝቼ ሽፋኑን ባየው የጊታሪስቱም የኪቦርዲስቱም ስም አለ፣ የእኔ ብቻ የለም። ቀሪው ሒሳብ እስከ ዛሬ አልመጣም። ለዓመታት የተናደድኩት በድምፃዊው ነበር፤ ዛሬ ሳስበው ከስቱዲዮ ከመውጣቴ በፊት አንዲት ወረቀት አስፈርሙልኝ ያላልኩት እኔም ነበርኩ።

ስለዚህ መልሴ ሂጂና ምቺ ነው። ልጁን ከወንበሩ ያስነሣው አቀናባሪው እንጂ አንቺ አይደለሽም። ነገር ግን ከመጀመርሽ በፊት ልጁን ፈልገሽ ሰላም በዪው፤ ዘፈኑን መድረክ ላይ እንዴት እንደሚመታውም ጠይቂው፤ ያንን ዘፈን ከማንም በላይ የሚያውቀው እርሱ ነው። ያንቺን ቦታ የያዘው ሰው ይህን አላደረገልሽም፤ በስልክ ድምፅሽ የተሰበረው እዚያ ላይ ሲደርስ እንደነበረ አስተውያለሁ።

ገንዘቡን በቀን ነው ወይስ በዘፈን የሚከፍሉሽ? ሳትቀመጪ በጽሑፍ ተስማሚ፤ ስምሽ ሥራው በሚወጣበት ሁሉ እንዲጠቀስም አስጽፊ። በአገራችን የቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ለከዋኙም፣ ማለት ሥራውን ለሚጫወተው ሰው፣ መብት ሰጥቶታል፤ ድራመር ከዋኝ አይደለም የሚል ካለ አዋጁን ያንብበው። ከሦስቱ ዘፈኖች አንዱ ችክችካ ከሆነ ደግሞ ክሊኩን፣ ማለት በጆሮሽ የሚሰማሽን የምት መቁጠሪያ ድምፅ፣ ለስድስቱም ምት እንዳያደርጉብሽ፤ በሁለት ይቁጠርልሽ፣ ካልሆነ እጅሽ ክሊኩን ሲያሳድድ ዘፈኑ ይደርቃል። በኪቦርድ የተሠራ ድራም ርካሽ ሆኖ ሳለ አንቺን የጠሩሽ ያንን ድርቀት ሸሽተው ነውና።

ብሌን የመታባቸው የኖታ ወረቀቶች ላይ ስሙ ያለበትን ማኅተም እየመታ ይተው ነበር። እኔም ትናንት ፒያሳ ወርጄ ስምሽንና «ድራመር» የሚል ቃል ያለበት ቲተር አስቀርጬልሻለሁ፤ ሰማያዊ ቀለም አለው። እናትሽ ካዘጋጀችው በሶ ጋር ሐሙስ በሚነሣው አውቶቡስ ይደርስሻል፤ በውልሽ ላይ ከፊርማሽ ሥር አሳርፊውና አንዱን ቅጂ ላኪልኝ።

አባትሽ