ከረንን ዘላችሁታል

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ያወጣችሁትን ጽሑፍ በጉጉት ነበር ያነበብኩት። ግን ከፖላንድ ተነስታችሁ በስታሊንግራድ በኩል ኖርማንዲ ስትደርሱ የእኛን አካባቢ ጭራሽ አላነሳችሁትም፤ ከልቤ አዝኛለሁ።

እ.ኤ.አ. በሰኔ 1940 ጣሊያን ከጀርመን ጎን ስትሰለፍ ሜዲትራኒያን ለመርከብ አደገኛ ሆነ፤ ስለዚህ ግብፅ ላለው የእንግሊዝ ጦር አብዛኛው ስንቅና መሣሪያ አፍሪካን ዞሮ በቀይ ባሕር ነበር የሚገባው። ጣሊያን ደግሞ ምፅዋ ላይ ተቀምጣለች። ወደ ምፅዋ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በተራራማዋ የኤርትራ ከተማ ከረን የሕንድና የእንግሊዝ ወታደሮች ከየካቲት እስከ መጋቢት 1941 ያንን ገደል እየቧጠጡ፣ ብዙ ሰው እየወደቀባቸው ነው ያለፉት። ምፅዋ በሚያዝያ ስትያዝ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ቀይ ባሕር ከእንግዲህ የጦር ቀጠና አይደለም አሉ፣ ገና ጦርነቱ ውስጥ ያልገባችው አሜሪካም በራሷ መርከቦች እስከ ስዊዝ ዕቃ ማድረስ ቻለች። ይሄ ትንሽ ነገር ነው እንዴ?

አርበኞቻችንስ? አምስት ዓመት ጠላትን እንቅልፍ ነስተውታል። በእንግሊዛዊው መኮንን ዊንጌት የሚመራው የጌዲዮን ጦር በጎጃም ሲገሰግስም አብረውት ተዋግተዋል። ጎንደር ያለው የጣሊያን ጦር እጁን የሰጠው በኅዳር 1941 ነው።

እባካችሁ፣ በሚቀጥለው እትም ለዚህ ታሪክ አንድ ሙሉ ገጽ ስጡት።

አክባሪ አንባቢያችሁ